ለእንጦጦ፣ ለወጨጫና ለየረር አዳር የትኛው ቀላል ድንኳን ይሻላል?

ድንኳን ሊገዛ የተነሣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው «ዝናብ ያስገባል?» ብሎ ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም። ነገር ግን በአዲስ አበባ ዙሪያ ለአዳር የሚወጣው ሰው አብዛኛው የሚወጣው መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ከእንጦጦ ጀርባ ወይም ወጨጫ ወገብ ላይ የሚያድር ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በዝናብ አይደለም። እንቅልፍ የሚነሱት ብርዱ፣ ንፋሱና ጣሪያው ላይ ተጠራቅሞ መልሶ የሚንጠባጠብበት የራሱ ትንፋሽ ናቸው። ስለዚህ እዚህ አማራጮቹን የምመዝናቸው በእነዚህ ሦስቱ ነው፤ ዝናቡ በተራው ይመጣል።

የማወራው ስለ እድር ድንኳን እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። ያኛውን ለመትከል የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ መጠራት አለበት፤ ይሄኛውን አንድ ሰው በጀርባው አዝሎት ተራራ ይወጣል። ለሁለት ሰው የሚሆን ድንኳን ከ2 ኪሎ በታች ከሆነ ቀላል ይባላል፤ ወደ 1 ኪሎ ከወረደ በጣም ቀላል ነው፤ ከ3 ኪሎ ካለፈ ቦታው የመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው።

የከፍታውን ነገር አቅልሎ ማየት ብዙ ሰው ያስቸግራል። የአዲስ አበባ መሀል ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ነው። እንጦጦ ጫፉ 3,200 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፣ የረር ከ3,000 ሜትር ያልፋል፣ ወጨጫ 3,385 ሜትር ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀዘቅዛል። ከተማ ውስጥ በአንድ ብርድ ልብስ የሚታለፍ የታኅሣሥ ሌሊት ወጨጫ ላይ ውርጭ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለጥ ያለ ሜዳም መጠጊያ አይደለም። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት ከተራራው እየወረደ ሜዳው ላይ ይተኛል። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የተተከለ ድንኳን፣ በዚያው አካባቢ ከሜዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ከዛፍ ሥር ከተተከለው ይልቅ ጤዛና አመዳይ የሚበዛበት ለዚህ ነው።

ነጠላ ሽፋን ወይስ ድርብ?

ዋናው ምርጫ ይህ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ዝርዝር ነው።

ባለ ነጠላ ሽፋን ድንኳን ውኃ የማያስገባ አንድ ጨርቅ ብቻ ነው ያለው። ባለ ድርብ ሽፋኑ ከውስጥ አየር የሚያሳልፍ ስስ ድንኳን፣ ከላዩ ደግሞ ውኃ የሚመልስ ክዳን አለው፤ በሁለቱ መካከል የአንድ እጅ ስፋት ያህል ክፍተት ይተዋል። ነጠላው ቀላል ነው፣ ሲታጠፍም ትንሽ ቦታ ይይዛል፤ በጣም ውድ ከሆኑት የዓለም ቀላል ድንኳኖች ብዙዎቹ ነጠላ ናቸው። ደረቅ አየር ባለበት በረሃ ወይም ሞቅ ባለ ቆላ እኔም እመርጠዋለሁ። ለእኛ ደጋ ግን አይሆንም።

ምክንያቱን ለማየት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ባትሪ አብርቶ ጣሪያውን መመልከት ይበቃል። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ በትንፋሹና በላቡ ያወጣው እርጥበት ቀዝቃዛው ጨርቅ ላይ ጠብታ ሆኖ ተደርድሯል። ጠብታዎቹ ከማሽላ ፍሬ ያንሳሉ፤ እርስ በርስ ሲነካኩ ግን አንድ ሆነው በጨርቁ ተዳፋት ይወርዳሉ፣ መጨረሻቸውም የመኝታ ከረጢቱ እግር ሥር ነው። ንፋስ ጨርቁን አንድ ጊዜ ሲያርገበግበው ቀሪው በፊት ላይ ይረግፋል። በነጠላ ሽፋን ውስጥ ያደረ ሰው ጠዋት «ድንኳኑ ያፈሳል» ብሎ ለሻጩ ይደውላል፤ ድንኳኑ ግን አላፈሰሰም። በድርቡ ውስጥ ያው ጠብታ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ይቀራል፤ ቢወርድም የውስጡ ድንኳን ይቀበለውና ወደ ጎን ያንሸራትተዋል፣ የተኛውም ሰው አይነካውም። ልዩነቱ ከ300 እስከ 500 ግራም ቢሆን ነው። ከአንድ ጠርሙስ ውኃ የማይበልጥ ክብደት ለመቆጠብ ብሎ እርጥብ መኝታ ይዞ መውረድ አያዋጣም።

ድርብ መሆኑ ብቻውን ግን አይበቃም። ክዳኑ ከላይ በኩል ተከፍቶ የሚቆም የአየር መውጫ አለው ወይ? ብርዱን ፈርቶ የአየር መውጫውን የሚዘጋ ሰው ድርቡን ወደ ነጠላ ይለውጠዋል። ማታ በሩን ሙሉ በሙሉ ከመዝጋት ይልቅ ዚፑን ከላይ አንድ ክንድ ያህል ክፍት መተው ይሻላል። ብርዱን መከላከል ያለበት የመኝታ ከረጢቱና ከሥሩ የሚነጠፈው ፍራሽ ነው።

ስለ መረብ

ውጭ አገር ስለ ድንኳን የሚጻፈው ምክር እኛ አገር ሲደርስ የሚስተው እዚህ ላይ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ቀላል ድንኳኖች የውስጥ ግድግዳቸው ከወለሉ ጀምሮ መረብ ነው፤ የተሠሩት ለበጋ ሙቀትና ለትንኝ ነውና። ለላንጋኖ ወይም 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ላለው ለቢሾፍቱ ሐይቆች ዳርቻ ይህ ጥሩ ነው። እንጦጦ ላይ ግን የወባ ትንኝ ችግራችሁ አይደለም። ችግራችሁ ከክዳኑ ሥር ሾልኮ በመረቡ እየገባ ጆሮ ግንድ የሚመታ ንፋስና፣ በደረቁ ወራት አብሮት የሚገባው አቧራ ነው። ስለዚህ ግድግዳው ቢያንስ እስከ ግማሽ ቁመቱ በጨርቅ የተሠራውን፣ መረቡ ወደ ላይ ብቻ ያለውን ምረጡ። አንዳንድ አምራቾች ያንኑ ሞዴል በሁለቱም ዓይነት ይሸጣሉ፤ ጨርቁ ጥቂት ግራም ቢጨምር ይጨምር።

የጨርቅ ግድግዳ ሌላም ጥቅም አለው። በገጠር ጠርዝ ድንኳን ተክሎ ጠዋት ተመልካች ሕፃናት ያልከበቡት ሰው የለም። ስስ መረብ ውስጥ ልብስ መቀየር ድፍረት ይጠይቃል።

ዘንጉ

ርካሽ ድንኳን ቀድሞ የሚጎዳው በዘንጉ ነው። በአነስተኛ ዋጋ የሚሸጡት ድንኳኖች ዘንግ ፋይበርግላስ ነው፤ የተሻሉት አሉሚኒየም። ፋይበርግላስ ከባድ ነው፣ ብርድ ሲመታው ይደርቃል፣ ሲሰበር ደግሞ በቁመቱ ይሰነጠቅና እንደ መርፌ የቀጠኑ ጭረቶች ጣት ላይ ይተዋል። የተሰነጠቀው ጫፍ ክዳኑንም ይቀዳል። አሉሚኒየም አብዛኛውን ጊዜ ይጎብጣል እንጂ አይበታተንም፤ የጎበጠውን በጥንቃቄ አቃንቶ ሌሊቱን ማለፍ ይቻላል። ከተሰበረም አብሮት የሚመጣውን አጭር የመጠገኛ ቱቦ በስብራቱ ላይ አልብሶ በፕላስተር መጠምጠም ነው። ቱቦው ከሌላችሁ ዘንጉን ይዛችሁ ወደ አንድ የብረታ ብረት ሠራተኛ ሂዱ፤ ዘንጉን የሚያስገባ የአሉሚኒየም ቱቦ በጣት ርዝመት ይቆርጥላችኋል።

በበልግ፣ በተለይ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከሰዓት በኋላ ድንገት የሚነሣ ነፋስና በረዶ አለ። ያን ጊዜ በፋይበርግላስና በአሉሚኒየም መካከል ያለው ልዩነት በዓይን ይታያል። ስለዚህ ሁለት ድንኳን በሌላው ነገር እኩል ሆነው አንዱ አሉሚኒየም ከሆነ ብዙ ማሰብ አያስፈልግም።

በማሸጊያው ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች

«3,000 ሚሊ ሜትር» ወይም «4,000 ሚሊ ሜትር» የሚል ቁጥር ድንኳኑ ላይ ይጻፋል። ጨርቁ ከላዩ ምን ያህል ከፍታ ያለው የውኃ ዓምድ ቢቆምበት ሳያሳልፍ ይችላል የሚለውን መለኪያ ነው። ገዢ ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ድንኳኑ የተሻለ ይመስለዋል። ለክዳን 1,500 ሚሊ ሜትር ለአብዛኛው ዝናብ ይበቃል፤ ስመ ጥር ከሆኑት ቀላል ድንኳኖች አንዳንዶቹ 1,200 ብቻ ናቸው። ወለሉ ላይ ግን ጉልበትና ክርን ስለሚጫን እርጥብ መሬት ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ይጠቅማል። ከቁጥሩ ይልቅ ስፌቱን እዩ። ውኃ የሚገባው መጀመሪያ በስፌት ነው፤ የክዳኑን ውስጠኛ ገጽ ገልብጣችሁ በየስፌቱ ላይ ግልጽ ፕላስተር መለጠፉን አረጋግጡ። በሁለቱም ገጹ ሲሊኮን የተቀባ ጨርቅ ፕላስተር ስለማይይዝ፣ ያን ዓይነቱን ድንኳን ሲሊኮን ገዝቶ ስፌቱን በራስ እጅ መቀባት ሊያስፈልግ ይችላል።

ሌላው ቁጥር ዲኒየር ነው። 9,000 ሜትር ርዝመት ያለው ክር በግራም የሚመዝነው ክብደት ማለት ነው፤ ባለ 20 ዲኒየር ጨርቅ ስስ ነው፣ ባለ 70 ወፍራም። ናይሎን ሲበጠስ የሚያሳየው ጥንካሬ ይበልጣል፤ ነገር ግን ሲረጥብ ይለጠጥና ማታ ወጥሮ የተተከለው ክዳን ሌሊት ይረግባል። ፖሊስተር ብዙም አይረግብም፣ ፀሐይንም የተሻለ ይችላል። የፀሐይዋ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር ሲጨምር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የእኛ ተራራ ፀሐይ ጨርቅ ትበላለች። ድንኳኑን ቀኑን ሙሉ ተክላችሁ የምትተዉ ከሆነ ወደ ፖሊስተር አድሉ።

መሬቱና ካስማው

ድንኳን በአቋሙ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በዘንጎቹ ብቻ ራሱን ችሎ የሚቆም ነው፤ ሁለተኛው ካስማ ተቸክሎ አውታሩ ካልተወጠረ የማይቆም። ሁለተኛው ቀላል ነው፤ ብዙ ጊዜም የራሱ ዘንግ ስለሌለው የተጓዡን መንገድ መደገፊያ ዘንጎች ይጠቀማል። ግን ሕይወቱ በካስማው ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ዙሪያ መሬት ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። በሰንዳፋና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ቀጭኑ የሽቦ ካስማ ወይ አይገባም ወይ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ምንም ሳይዝ ይወጣል። በክረምት ያው አፈር ጭቃ ሆኖ ካስማውን እንደ ቅቤ ይለቀዋል። የእንጦጦና የየረር አናት ቋጥኝ ይበዛበታል። የመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ከጽዱና ከዝግባው ሥር ያለው ብስባሽ አፈር ካስማ በቀላሉ ይቀበላል፣ በቀላሉም ይመልሳል። ስለዚህ ማንኛውንም ድንኳን ስትገዙ አብሮት የሚመጣውን ቀጭን ካስማ ትታችሁ፣ ጎኑ ሦስት ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ካስማ ስምንት ያህል ግዙ። ድንጋያማ ቦታ ላይ አውታሩን ከትልቅ ድንጋይ ጋር ማሰር ይቻላል፤ ለዚህ ሦስት አራት ሜትር ትርፍ ሲባጎ መያዝ ነው። ለጀማሪ ራሱን ችሎ የሚቆመውን እመክራለሁ፤ ቦታው ካልተስማማው አንሥቶ ወደ ጎን ማዛወር ይችላልና።

ስም እየጠራን እናወዳድር

ኮልማን ሰንዶም በብዙ አገር የሚገኝ ርካሽ ድንኳን ነው። ዘንጉ ፋይበርግላስ ነው፣ የሁለት ሰዉ ከ3 ኪሎ ያልፋል፣ ክዳኑም አናቱን እንጂ ጎኑን እስከ ታች አይሸፍንም። መኪና እስከ ቦታው ድረስ ለሚደርስበት፣ ሰማዩ ለጠራበት የቤተሰብ አዳር ምንም አይለውም። የረርን በእግር ለመውጣት ግን አትያዙት። የዲካትሎኑ ኬቹዋ «2 ሰከንድ» በአየር ላይ ተወርውሮ የሚከፈት ነው፤ ልጆች ይወዱታል፤ ሲታጠፍ ግን ሰፊ ክብ ሆኖ ስለሚቀር ሚኒባስ ውስጥ ይዞ መግባት ጠብ ያስነሣል።

የቻይናው ኔቸርሃይክ «ክላውድ አፕ 2» ለብዙው አንባቢ የምመክረው ነው። ባለ ድርብ ሽፋን ነው፣ ዘንጉ አሉሚኒየም ነው፣ ባለ 20 ዲኒየር ናይሎኑ ወደ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ ፖሊስተሩ ከበድ ይላል፣ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ጉድለትም አለው። በሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ሌሊት ለሽንት የሚወጣው ጎረቤቱን ሳይቀሰቅስ አይወጣም፤ በእግር በኩል ጣሪያው ዝቅ ይላል፤ የኋላ ማዕዘኖቹም ካስማ ካልተቸከለባቸው ወለሉ አይወጠርም።

ቢግ አግነስ «ኮፐር ስፐር» እና ኤምኤስአር «ሃባ ሃባ» የሁለት ሰዋቸው ከ1.4 እስከ 1.6 ኪሎ አካባቢ ነው። ሁለት በርና ሁለት በረንዳ (ከበሩ ውጭ በክዳኑ የተሸፈነ ቦታ) አላቸው፣ አሠራራቸውም የጸዳ ነው። ዋጋቸው ከክላውድ አፕ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በዓመት ጥቂት ቅዳሜና እሑድ ለሚወጣ ሰው ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ልዩነቱን ጥሩ የመኝታ ከረጢት ላይ ቢያውለው ይሞቀዋል። ወለላቸውም ስስ ስለሆነ የባሕር ዛፍ ቁጥቋጦና የግራር እሾህ አይወድም።

ደርስተን «ኤክስ-ሚድ» የተለየ አሳብ ነው። ሁለት የመንገድ መደገፊያ ዘንግ ያቆሙታል፣ ድርብ ነው፣ ጨርቁ ፖሊስተር ነው፣ የሁለት ሰዉ ከ1 ኪሎ ብዙ አይርቅም። የውስጡን ድንኳን በመረብም በጨርቅም ያቀርቡታል፤ ለእኛ ደጋ የጨርቁ ነው። ካስማ መቸከል የለመደ፣ ብዙ የሚጓዝ ሰው ከሁሉ ይህን ቢይዝ አይቆጨውም። ለጀማሪ ግን ሰፊ ደልዳላ ቦታ መፈለጉ ያስቸግራል። ዚፓክስ «ዱፕሌክስ» ከግማሽ ኪሎ ብዙም አይበልጥም፤ ነጠላ ሽፋን ስለሆነ ከላይ የተናገርኩት ሁሉ ይመለከተዋል።

ክብደት ስታወዳድሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ብዙ አምራቾች በትልቁ የሚጽፉት «ዝቅተኛ ክብደት» ካስማውን፣ አውታሩንና መያዣ ከረጢቱን አይጨምርም። የሁለት ሰው ተብሎ የተጻፈውም ስፋቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ፍራሽ ጎን ለጎን ከገባ በኋላ ለጋቢ እንኳ ቦታ አይተርፍም። ትልቁን መግዛት የሚያጓጓው ያኔ ነው። ሰፊ ድንኳን ግን በትንፋሽ አይሞቅም። ሁለት ሆናችሁ የምትወጡ ከሆነ የሁለቱን ያዙና ቦርሳውን በረንዳው ላይ አሳድሩ። ምግብ ግን በረንዳውም ውስጥ አይደር፤ በእነዚህ ተራሮች ጅብ አለ፣ ሱባ ውስጥ ደግሞ ጠዋት ዝንጀሮ ይቀድማችኋል።

በክረምት የምትወጡ ከሆነ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኔ አልመክርም። የሚወጣ ሰው ካለ ግን ሚዛኑ ይለወጣል። ክዳኑ እስከ መሬት የሚደርስና ቀድሞ ክዳኑ የሚተከል፣ ከዚያ የውስጡ ድንኳን ከሥሩ የሚንጠለጠል ይሁን፤ የውስጡ ቀድሞ የሚተከለው ክዳኑ እስኪለብስ ድረስ ወለሉ ገንዳ ይሆናል። ኤክስ-ሚድና እንደ ስዊድኑ ሂልበርግ ያሉት ለዚህ ይመቻሉ። ከወለሉ ሥር የሚነጠፈውን ላስቲክ ከመርካቶ በሜትር ማስቆረጥ ይቻላል፤ ከድንኳኑ ወለል በየጎኑ አራት ጣት ያህል ይነስ። ከወለሉ ካለፈ ከክዳኑ የሚወርደውን ውኃ ተቀብሎ ከጀርባችሁ ሥር ያስገባዋል።

ስትገዙ

ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ማስመጣት የተለመደው መንገድ ነው፤ ዘንጉ ተሰካክቶ ሲታጠፍ ከ45 ሴንቲ ሜትር የማይበልጠውን ምረጡ፣ ሻንጣ ውስጥ በጎን ይገባል። ያገለገለ ድንኳን ከሆነ መጀመሪያ አሽትቱት። እርጥብ እንደ ሆነ ታጥፎ የኖረ ድንኳን፣ ጨርቁ ውኃ እንዳያስገባ የተቀባው የፖሊዩሬቴን ቅቡ ይበላሻል፤ ሲከፈት ትውከት ትውከት ይሸታል፣ ውስጠኛው ገጽ ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ቅቡም እንደ ቅርፊት ይረግፋል። ይህን በማጠብ ማዳን አይቻልም። ዚፑን በሁለቱም አቅጣጫ እስከ መጨረሻው ሳቡት፣ ዘንጎቹን አንድ በአንድ ሰክታችሁ በአፋቸው ላይ ስንጥቅ መኖሩን እዩ፣ ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንሥታችሁ የተበሳ ቀዳዳ ፈልጉ።

ለመናገሻ ሱባ ከደኑ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ጠይቁ፤ ለየረርና ለወጨጫ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ጸጥታ አጣርታችሁ ከዚያው አካባቢ ሰው ጥበቃ ያዙ። እንጦጦ ላይ ከረጅም ባሕር ዛፍ ሥር አትትከሉ፤ ቅርንጫፉ በንፋስ ይወድቃል፣ ቅጠሉም በቀላሉ እሳት ይይዛል።

አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ከመጀመሪያው ጉዞ በፊት ግቢ ውስጥ ተክላችሁ በአትክልት ማጠጫ ጎማ ግማሽ ሰዓት ውኃ ልቀቁበት፤ ከዚያ ገብታችሁ የስፌቶቹን መገናኛና የወለሉን አራት ማዕዘን በደረቅ ሶፍት ዳብሱ። ሶፍቱ ከረጠበ የዋስትናው ጊዜ ሳያልፍ መልሱት። ያገለገለ የሚሸጥላችሁ ሰው ተክሎ ለማሳየት ካንገራገረ ደግሞ ሌላ ሻጭ ፈልጉ።